ጤና የተማረችው ልጅ

ልጅቷ ፊቷን ታጥባ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ የአክስቷ ባል ሸሚዙን አውልቆ፣ ኮሪደሩ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ደግፎ፣ ደረቱን ወደ ፊት ሰጥቶ፣ አገጩን ቀና አድርጓል። አክስቷ ከኋላው ሸሚዙን አጣጥፋ ይዛ ቆማለች። ተራው ደርሶ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ነው የሚመስለው፤ ሐኪሟ ግን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ የጥርስ ብሩሽ በእጇ የያዘች፣ ሥራ የረፈደባት ልጅ ናት። በዚህ ቤት እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ያበጠ እግሯን እየጎተተች ትመጣለች፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሱሪውን ትቶ ጉሮሮውን ከፍቶ ያሳያታል፤ ልጅቷም «ሐኪም ቤት ብትታዩ ይሻላል» እያለች በፈገግታ ትሸኛቸዋለች። ጋሼ የምትለው የአክስቷ ባል ግን አንድም ቀን እንዲህ ተቀምጦላት አያውቅም። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ይለካል እንጂ ራሱን ለማንም አስለክቶ አያውቅም።

«እስቲ እይው» አለች አክስቷ። «ከትናንት ጀምሮ እዚህ ጋ ያዘኝ እያለ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።»

እዚህ ጋ የተባለው ከደረቱ አጥንት ሥር ነበር። ጋሼ በጣቱ እያሳየ ሊያስረዳት ሞከረ። ማቃጠል ነው ብሎ ጀመረ፤ ማቃጠል አይደለም፣ መጫን ነው አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ብብት ላይ የጠበበ ኮት ለብሶ እንደ መዋል ነው አለና በራሱ አነጋገር ፈገግ አለ። ወደ ግራ ትከሻው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይመጣል። ልጅቷ ብሩሿን ለአክስቷ ሰጥታ መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች፤ ሐኪሞች እንዲህ ሲያደርጉ ስላየች ነው እንጂ መዳፏ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ቆዳው ቀዝቅዟል፤ ረጠብ ያለ ነው። መዳፏን አነሳች፣ ትንሽ ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አሳረፈች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አፏን ያያሉ። ያን ጊዜ ነው «ጨጓራ ይሆናል» ያለችው።

ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም ብንል እንዋሻለን። አሳምራ ታውቃለች። ሁለት የምትወዳቸው ፊቶች ስም ስጪን ብለው ተደቅነውባታል፤ ጨጓራ ደግሞ ማንንም የማያስደነግጥ፣ ከሁሉም ቤት የማይጠፋ ስም ነው። «ሐኪም ቤት ግን ብትሄድ ጥሩ ነው ጋሼ» ስትል እሱ እጁን እጅጌው ውስጥ እየከተተ ነበር። «ሐኪም ቤትማ እዚሁ ቤቴ አለልኝ፣ ጤናዬ» አላት። ጤናዬ የሚላት ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ነው። አክስቷ ትከሻዋ ረግቦ፣ ፊቷ ተፈትቶ፣ ወተት ልታሞቅ ወደ ማድቤት ገባች። ልጅቷም ልብሷን ቀይራ፣ ቦርሳዋን አንስታ፣ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። የመጀመሪያውን ፎቅ ሳትጨርስ የአክስቷን ድምፅ ከላይ ሰማች፤ ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነው የምታወራው። «ልጃችን አይታዋለች፤ ምንም አይደለም። ጨጓራ ነው ብላለች።»

ይሆናል የምትለዋ ቃል ከኮሪደሩ እስከ ደረጃው እንኳ ሳትደርስ ወድቃ ቀርታለች። ልጅቷ መወጣጫውን ይዛ ቆመች። ተመልሳ ወጥታ «ነው አላልኩም፣ ይሆናል ነው ያልኩት» ማለት ትችል ነበር። ግን ረፍዷል፤ ጎረቤቷም አለች፤ ደግሞ ምናልባት እውነትም ጨጓራ ነው። ወረደች። ፍርሃቱ የጀመራት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ መዳፏ ላይ። ያ የቀዘቀዘ ላብ መዳፏ ላይ የቀረ መሰላት፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ አልጠፋም።

የተማረችው ጤና ኢንፎርማቲክስ ይባላል። የገባች ጊዜ ስሙ ጤና ኢንፎርሜሽን ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳሉ አንድ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ስም ተለጠፈና በማግስቱ ያንኑ መምህር፣ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ኮርስ በአዲስ ስም ቀጠሉ። የተማሩት የመረጃ ቋት አሠራር ነው፣ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ ስታቲስቲክስ ነው፣ የኮምፒውተሮች መረብ ነው። የሰውን አካል ያዩት አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ግድግዳ ላይ በሚወጣ ሥዕልና ቀኝ እጁ በጠፋ የፕላስቲክ አፅም። የሕክምና ቃላት የሚባልም ኮርስ ነበረ፤ በሽታዎችን በስማቸው፣ በመደባቸው፣ በኮዳቸው አጥንተዋል። ከዚያ ሁሉ ትዝ የሚላት የፈተና ጥያቄ ቢኖር «የደም ሥር ምት ሲለካ አውራ ጣት የማይጠቅመው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱን አግኝታዋለች፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው የለኪውን ከታማሚው ይቀላቅላል። ሙሉ ነጥብ ተሰጥቷታል። የሰው እጅ ይዛ ግን ለክታ አታውቅም፤ ማንም ያዢ ብሏት አያውቅም።

በቤት በኩል ግን ነገሩ የተቆረጠው ምደባው የመጣ ዕለት ነው። አክስቷ የመጀመሪያውን ቃል ሰምታ ሁለተኛውን አልጠበቀችም። «ጤና ደረሳት!» ብላ ደረጃውን በሙሉ አሰማችው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ብቻ ነበረች ሁለተኛውን ቃል የጠየቀችው። «የጥርስ አለ፣ የዓይን አለ፣ የቆዳ አለ፤ ኢንፎርሜሽን የምትዪው ከወገብ በላይ ነው ከወገብ በታች?» አለች ከልቧ። ልጅቷ እየሳቀች ልታስረዳ ሞከረች። የጤና መረጃ ነው የምንማረው አለች። «መረጃ ማለት ያው ማስረጃ አይደል?» አለ ጋሼ፤ «ጥሩ ነው፣ ማስረጃ ያለው ሰው አይወድቅም።» በዚያው ሳምንት ኮሌጁ ሁሉም ተማሪ ነጭ ጋዋን ይኑረው ሲል ጋሼ የገበያውን አላስገዛትም፤ ራሱ ሰፋላት። ውፍር ያለ ጨርቅ መርጦ፣ አንገቱን በድርብ ክር ይዞ፣ የቀኙን ኪስ ከሌላው አጥልቆ ሰፋው። ኪሱ ለምን ጠለቀ ብላ ስትጠይቀው «የልብ ማዳመጫሽ እንዳይወድቅ ነዋ» አላት። ልጅቷ ኪሱ ውስጥ ሞባይሏን ትከተው ነበር። ስትመረቅ በዚያ ጋዋን የተነሳችው ፎቶ ከጋሼ የስፌት መኪና በላይ ተሰቅሏል፤ ደንበኛ ሁሉ ሲለካ ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ማስረዳት ተወች። አንዴ ተናግራለች፣ አልሰሟትም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ የማን ጥፋት እንደሆነ ለመናገር ይከብዳል።

ቢሮዋ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣ ቁጥር የሚሰበሰብበት ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት፣ አንድ የሚጮኽ ማተሚያ። ከጎኗ የሚቀመጠው ልጅ በወረቀቱ ላይ የአካባቢ መሐንዲስ ነው፤ ሪፖርት ማስገቢያው ፕሮግራም ሲበላሽ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ዛሬም እንደ ልማዱ ሻይ ይዞ ወንበሩን ወደ እሷ ገፍቶ ወግ ጀመረ። እናቱ ቧንቧ ይፈስሳል ብላ ጠርታው፣ አልችልም ሲላት «ታዲያ ምህንድስናው ለምን ነበር?» ብላ ተኮራርፈው ነው የመጣው። «የተማርኩት ኬሚስትሪና ሒሳብ ነው ብላት ትሰማኛለች? ስም ያወጡልን እነሱ፣ የምንጠራበት እኛ» አለና ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር። ይቺው ወግ የቢሮው ዳቦ ናት፤ ሁሉም የራሱን ያመጣል፤ ልጅቷም የወገብ በላይ የወገብ በታችዋን ደጋግማ አውርታ አስቃቸዋለች። ዛሬ ግን ጥርሷ አልከፈት አለ። የሱ ስህተት ቢበዛ ወለል ያረጥባል ብላ አሰበች።

ኮምፒውተሩን ከፈተች። የወሩ ሪፖርት መጥቷል፤ የሷ ሥራ የተሳሳተውን መልቀም ነው። ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት የተባለ ሰው፣ እርጉዝ የተባለ ወንድ፣ ከመወለዱ በፊት የሞተ ሕፃን፤ እንዲህ ያለውን እየያዘች ወደ መጣበት ትመልሳለች። ከዓምዶቹ አንዱ «ሲደርስ ሕይወቱ ያለፈ» ይላል። በየወሩ ታልፈዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልፋዋለች። ዛሬ እዚያ ዓምድ ላይ እጇ ቆመ። ወንድ፣ ከሃምሳ በላይ፣ የልብ። ወንድ፣ ከሃምሳ በላይ፣ የልብ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሲደርሱ ሕይወታቸው ያለፈው ቤታቸው ምን ሲጠብቁ ቆይተው ነው? የቀሩበትን ምክንያት የሚጠይቅ ዓምድ የለም። ቢኖር ኖሮ ምን ተብሎ እንደሚሞላ አሰበች፤ ልጃቸው ጨጓራ ይሆናል ስላለቻቸው። ብድግ አለች።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ይባላሉ፤ ብዙ ዘመን ነርስ ሆነው ሠርተው ወገባቸውን ሲያማቸው ነው ቢሮ የገቡት። ልጅቷ በራቸው ላይ ቆማ «ሲስተር፣ የጓደኛዬ አባት ነው» ብላ ጀመረች። የዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያለችው። ሲስተር መነጽራቸውን ሳያነሱ አዳመጧት። ዕድሜውን ጠየቁ። ላብ አለው ወይ አሉ። ወደ ትከሻው ይሄዳል ወይ አሉ። ለእያንዳንዱ «አዎ» ስትል ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጓደኛሽ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ልባቸውን ታስመርምርላቸው። እስካሁን ያያቸው ሰው የለም?»

«አንዲት… አንዲት ያየችው አለች። ጨጓራ ይሆናል አለች።»

«ሐኪም ናት?»

«እንጃ። ጤና የተማረች ናት ይላሉ።»

«የትኛዋ ደፋር ናት እባክሽ!» አሉ ሲስተር። «እንዲህ ያለችውን ፈቃዷን መቀማት ነው።» ልጅቷ የሚቀሙት ፈቃድ እንኳ የላትም። የበሩን መቃን ያዘች። ሲስተር ፊቷን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሂጂ፣ ሂጂ» አሏት።

ከሕንፃው እየወጣች አክስቷ ጋ ደወለች። ብዙ ጠርቶ ተነሳ። አክስቷ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ወተቱን ጠጣ፣ አስመለሰው፣ አሁን ጋደም ብሏል፣ እንዳይቀሰቅሱት ብላ የስፌቱን ክፍል ዘግታለች፣ ደንበኛም መልሳለች። «አንቺ ያልሽውን ሁሉ አድርገናል» አለቻት። ልጅቷ እኮ ዕረፍም ወተትም አላለችም፤ ቤቱ ራሱ ከአፏ እየቀደመ ማዘዝ ጀምሯል። «እቴቴ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለች እየጮኸች፤ መንገደኛ ዞሮ አያት። «ምነው? ምን ሆነሽ ነው? አንቺ ማታ ትመጪ የለ?» አለች አክስቷ። «ደግሞ አሁን እንቅልፍ ወስዶታል፤ ድምፁም የለ።» ድምፁም የለ ስትል ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ሮጠች። ታክሲ ተሳፈረች፤ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ አንድ ሰው ስለ ሙዝ ዋጋ መወደድ ይማረራል። ሰው እየተማረረ ያለበት ዓለም አሁንም እንዳለ መሆኑ ገረማት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው የላትም፤ ይኼንን እስከዛሬ እንዲህ ራቁቱን አስባው አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ክፍሉ ጨለምለም ብሏል፤ አክስቷ መጋረጃውን ስባዋለች። ጋሼ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ መተኛት ያፍነዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ከንፈሩ ላይ ላብ አለ። ገና ሲያያት ፈገግ አለ፤ ሐኪሙ መጣ ብሎ የተገላገለ ሰው ፈገግታ ነው፤ ልጅቷን ከምንም በላይ ያስፈራትም እሱ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በታክሲው ውስጥ ስታዘጋጅ የመጣችውን አንድ ባንድ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ስማኝ። እቴቴ፣ አንቺም ስሚኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠዋት ያልኩህን ዝም ብዬ ነው ያልኩት። ምን እንደያዘህ አላውቅም። እኔ ልረዳህ አልችልም።»

ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አክስቷ ቀስ ብላ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች፤ ልጅቷ ስድብ ጠበቀች፣ ቁጣ ጠበቀች፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት ታታልዪን ነበር ወይ?» የሚለውን ጠበቀች። አክስቷ ግን ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«ወይኔ ጉዴ! ወይኔ! እንዲህ ነው የሚሉት። እህቴን ያየው ዶክተርም እንዲሁ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አላውቅም፣ ልረዳት አልችልም ነበር ያለኝ። በሦስተኛው ቀን ነው የቀበርኳት።»

«እቴቴ፣ እንደሱ አይደለም! አልተማርኩትም ነው የምልሽ። እኔ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው!»

«ኮምፒውተር ላይ አይታው ነው» አለች አክስቷ ለጋሼ፣ እንባዋ እየወረደ። «ቢሮ ሄዳ ኮምፒውተር ላይ አይታው ነው እየበረረች የመጣችው።»

አይታው ነው በእርግጥም። ጋሼ ዓይኑን ከድኖ ቆየና ገለጠው። አልጮኸም። «ተዪያት እንግዲህ» አለ ለሚስቱ። «ልጅቷ ጨክኖ መናገር ከብዷት ነው። እሷ ምን ታድርግ?» ከዚያ እጁን ዘርግቶ የልጅቷን ጉልበት መታ መታ አደረገ፤ የሚያጽናናት እሱ ሆነ። «አይዞሽ ጤናዬ። እውነቱን ስለነገርሽኝ ደስ ይለኛል። የማይሆን ከሆነ የትም አልሄድም። እዚሁ ቤቴ፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ልሁን።» ልጅቷ ብድግ ብላ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ ይድናል፣ እባክህ፣ አለች፤ በክንዱ ልትስበው ሞከረች። እሱ ግን ለልጅ ልመና የሚሰጠውን ፊት ሰጥቷት ራሱን ነቀነቀ። ባስተባበለች ቁጥር እያመናት፣ ባለቀሰች ቁጥር እየተሰናበታት ሄደ። ስሙን ለመመለስ ከዚህ የከፋ ቀን የለም፤ የለበሰችው ስም ከላይዋ አልወልቅ ብሎ ሰውየውን አልጋው ላይ ይዞባት ቀርቷል። ትንፋሹ አጭር ሆኗል። አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ገብቶ ይወጣል።

ልጅቷ ዘወር ብላ ከክፍሉ ወጣች። አክስቷ ትታን ሄደች ብላ ይሆናል፣ ጮኸች። ልጅቷ ግን ቁም ሳጥኑ ጋ ነበረች። ጋዋኑ ከኋላ፣ ከክረምት ልብሶች ሥር፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ላስቲኩን ቀደደችው። ለበሰችው፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ቆለፈች፤ እጇን ያን ጥልቅ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ተመልሳ ገባች። እንባዋን ጠርጋለች። ቢሮ ውስጥ ሲስተር ያደረጉትን አስታወሰች፤ ጠየቁ፣ አዘዙ፣ አላባበሉም።

«ጋሼ፣ ተነስ» አለች። «አይቼሃለሁ። በሽታህን አውቄዋለሁ። የሚድን ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሐኪም ቤት ነው ያለው። እኔ ነኝ የማዝዝህ። እቴቴ፣ ጫማውን አቀብዪኝ።»

ጋሼ ትክ ብሎ አያት። ፊቷን አይደለም፤ ጋዋኑን ነው ያየው፤ ትከሻውን፣ ስፌቱን፣ አንገቱ ላይ ያለውን ድርብ ክር። «ትከሻው ላይ ጠቦሻል» አለ በደከመ ድምፅ። «ስመለስ አሰፋልሻለሁ።» እግሩን ከአልጋው አወረደ። አክስቷ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ጫማውን አጠለቀችለት። ደረጃውን ሲወርዱ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሯን ከፍታ ነጩን ልብስ አየችና አንድ ቃል ሳትናገር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አሳለፈቻቸው።

በር ላይ ያገኙት የታክሲ ሹፌርም ገና ሲያያት ከመቀመጫው ወርዶ በር ከፈተ። «ዶክተር፣ በድንገተኛው በር ልግባ?» አላት። «አዎ» አለች። ጥሩምባውን እየነፋ መሀል መንገዱን ይዞ ነዳ፤ ሰዎች በመስኮት ጎንበስ ብለው እያዩ፣ ነጭ ልብስ ሲያዩ መኪናቸውን ወደ ጥግ አደረጉ። ውሸቱ መንገድ ይከፍት ነበር። አክስቷ ከፊት ተቀምጣ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ወደ ኋላ መዞር ፈርታለች። ጋሼ ራሱን ልጅቷ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ግራ እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«እስቲ ያዢው» አላት። «እንዴት እንደሚመታ ንገሪኝ።»

ሁለት ጣቷን በአውራ ጣቱ በኩል አንጓው ላይ አደረገች፤ በሥዕሉ ላይ እዚያ ጋ ነበር። ምንም የለም። ትንሽ ወደ ላይ ወሰደቻቸው። ምንም። ጠበቅ አደረገች፣ ላላ አደረገች። መርፌ ሲይዝ የኖረ ጠንካራ እጅ ነው፤ ቀዝቅዟል፤ ከቆዳው ሥር ምት የለም። ላብ በጀርባዋ ወረደ። ጋሼ ቀና ብሎ አፏን ያያል፤ ጠዋት ኮሪደሩ ውስጥ እንዳያት። ጣቶቿን አነሳችና አውራ ጣቷን አስገብታ አጥብቃ ተጫነችው። ያኔ መጣላት፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ ጠንካራ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ደህና ነው ጋሼ። በኃይል ነው የሚመታው።»

«አላልኩም?» አለ፤ ለማን እንዳለ አልታወቀም። የሐኪም ቤቱ በር ከሩቅ ታየ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ያዘ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊቱ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋጋ። እጁ እጇ ላይ ከበደ። ልጅቷ «ጋሼ» አለች። ደግማ ጠራችው። አውራ ጣቷ ሥር ያለው ምት በረታ፣ እየፈጠነ ሄደ፣ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። የራሷ ነበር።